በሊኑክስ የተጣሉትን ሳስታርቅ

እኔ የኮምፒውተር ነገር አላውቅም፤ መኪናዬን ግን ሳልጸልይ አላስነሳም። አንድ ቀን የሐይቅ ውኃ የሚያጠኑ ሁለት ወጣቶች፣ ቶላና ሰላም፣ ከአዳማ ወደ ቡልቡላ ይዣቸው ስሄድ ክፉኛ ተጣሉ። ሐይቁ ዳር ለሚተክሉት ኮምፒውተር ኮምፒውተሩን ከሚያሠራው፣ ሊኑክስ ከሚሉት ፕሮግራም የትኛው ዓይነት ይጫንበት ነው ጠቡ።

ሞጆ ስንደርስ ሰላም፣ «ጋሽ ዘውዱ፣ ያውርዱኝ! ከዚህ ልጅ ጋር መሥራት በቃኝ!» አለች።

ሰው ተጣልቶ ከመኪናዬ አይወርድም። ጥላ ፈልጌ አቆምኩና አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ «በሉ ተራ በተራ» አልኳቸው። አፈሩ።

«የኔ ሁልጊዜ አዲስ ነገር አለው፤ እየነካካሁ እማርበታለሁ» አለ ቶላ።

«የኔ ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም፤ ለወራት ብቻውን ይሠራል» አለች ሰላም።

«ቶላ፣ ያንተ እዚያ ቢበላሽ ማን አጠገቡ አለ?» አልኩት።

«ማንም» አለና አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው ለሐይቁ የሷ፣ ለቤትህ ያንተ!»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ጉዟችንን ቀጠልን።

ክረምቱ አልፎ እንደገና ስወስዳቸው፣ ሰላም በስልክ፣ «ጋሽ ዘውዱማ ክረምቱን ሙሉ አንዴም አልታመመም፤ ያን ሁሉ ዝናብ ችሎታል» ስትል ሰማኋት።

«ኧረ ልጄ፣ እኔስ ጉንፋን ጥሎኝ ነበር» አልኳት።

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ለካ ሊኑክሱ ሲጫን ለኮምፒውተሩ ስም ስጡ ይላል፤ እነሱም የኔን ሰጥተውታል!