ኢቶ ቤት የበላሁት

«አፍሽ ረክሷል! እንዲህ ሆነሽማ የልጅ ልጄን ክርስትና አታነሺም!»

ይህን ፊት ለፊቴ ያሉኝ የእህቴ አማት፣ እማማ አስካለ ናቸው። ባለፈው ግንቦት፣ ከሞሮኮ በተመለስኩ በሳምንቱ፣ ስቶክሆልም ዳር፣ ሮግስቬድ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ምሳ ላይ ነው። ሰው ብዙ ነገር ብሎኝ ያውቃል፤ እኔም አፌ አያርፍም፤ ተባብለን እንረሳሳለን። ይሄኛው ግን አልወጣልኝም። ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቅ ነበር። ዝም አላልኩም። ዛሬም ያ ምሳ ቢደገም ዝም አልልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሰናይት የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ወለደች። ገና አራስ ቤት ሳትገባ፣ ሆስፒታል እንደተኛች፣ «ክርስትና የምታነሺያት አንቺ ነሽ» አለችኝ። እናታችን ደሴ ካረፈች በኋላ እዚህ ስቶክሆልም አምጥታ ያሳደገችኝ ሰናይት ናት። የእሷ ልጅ ክርስትና እናት መሆን ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የማላለቅሰዋ ሴት አለቀስኩ።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ እስክትጠመቅ ዕረፍት ነበረኝ። ሥራዬ ሄምሸንስት ነው፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እረዳለሁ። ጂምናሲየት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን፣ እንደጨረስኩ የገባሁበት ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልወድ ይስማማኛል። የሥራ ባልደረባዬ ሊኔያ፣ «ሞሮኮ ሄደን አትላስ ተራራን በእግር እንውጣ፤ ማታ ማታ በበርበሮች መንደር እናድራለን» ስትለኝ ምኑንም ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።

የደሴ ልጅ ስለሆንኩ ተራራ ምኔም አይደለም ብዬ ነበር። ተራራው ግን ደሴ መወለዴን አላወቀልኝም። የመጀመሪያው ቀን ትንፋሼ ተቆርጦ፣ መንገድ መሪያችን ሐሰን ሻንጣ የጫነችውን በቅሎ እያሳየኝ «አንቺንም እንጫንሽ?» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

መንደሮቹ ገደል ላይ የተለጠፉ ናቸው። ቤቱ ጭቃ፣ ጣሪያው ዝርግ፤ ከሥሩ የገብስ እርከን። ሰዎቹ ራሳቸውን አማዚግ ነው የሚሉት። በደረስንበት ሁሉ ሻይ ይቀዳልናል፤ ማታ ደግሞ በሸክላ ድስት የተቀቀለ ሥጋ ይቀርባል። ሊኔያ አጥንቱን ትግጣለች፤ እኔ ዳቦ በወይራ ዘይት እያጠቀስኩ እበላለሁ።

ደሴ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነበሩ። ሐዘኑም ደስታውም የጋራ ነው፤ ሥጋው ብቻ ነው የማይገናኘው። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊሞቹ የራሳቸው አራጅ ይጠራል፣ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። እነሱም ሲድሩ ለእኛ እንደዚያው። ማንም አይቀየምም። እኔም ሃይማኖተኛ ሆኜ አይደለም፤ ሰውነቴ የለመደው ነው።

ቁልቁለት ስንወርድ ዝናብ ያዘንና አዳልጦኝ እግሬ ዞረ። ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ሐሰን በበቅሎዋ አድርጎ በቅርብ ያለ መንደር፣ ኢቶ የምትባል ሴት ቤት አስገባኝ። ኢቶ በሰናይት ዕድሜ ናት። ማንነቴን ሳትጠይቅ ጫማዬን አወለቀች፤ ዘይት አሙቃ አሸችኝና በጨርቅ ጠፍራ አሰረችኝ። ስጮህ ትስቅብኛለች። ወዲያው ወደድኳት።

ከዚያ አውራ ዶሮ ይዛ መጣች። «ለእኔ አትድከሚ፣ አልበላም» በላት አልኩት ሐሰንን። «ለምን?» አለ። እኔ ደግሞ መሸፋፈን አላውቅም፤ «እኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም የእኛን አይበላም» አልኩት። ሊኔያ ቀላች። «እንዴት ሰው ቤት ገብተሽ እንዲህ ትያለሽ!» ብላ በስዊድንኛ ተቆጣችኝ።

ሐሰን ለኢቶ ነገራት። አልተቀየመችም። ትንሽ አሰበችና ወጣች፤ ቢላዋ ይዛ ተመልሳ ከነዶሮው ፊቴ አስቀመጠችው። የሆነ ነገር ተናገረች።

«በአምላክሽ ስም አንቺ እረጂው፤ እኛ እንበላልሻለን ነው የምትለው» አለ ሐሰን።

ይሄኔ ጉድ ፈላ። በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። እናቴ ቤት ውስጥ ወንድ ሲጠፋ ዶሮዋን ታቅፋ በር ላይ ትቆምና መንገደኛ ታስቆማለች፤ «ወንድሜ፣ እባክህ ባርክልኝ!» ትላለች። እዚያ ቤት ያለው ወንድ ሐሰን ብቻ፣ እሱም ሙስሊም። ኢቶ ክንፉን ይዛ ትጠብቀኛለች። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩና አረድኩ። ኢቶ ሠርታ አቀረበችው፤ ቤተሰቡ በሙሉ በላ። እኔም በላሁ።

በማግስቱ፣ ልንወጣ ስንል፣ ኢቶ ሌላ ዶሮ ራሷ ቢስሚላህ ብላ አርዳ ሠርታ ጠበቀችን። የድስቱን ክዳን አንስታ ዓይኔን አየችኝ። የእኔን በልታ የእሷን አልበላም የምልበት ፊት አልነበረኝም። ጠግቤ በላሁ። እንዲያውም አጎረስኳት፤ መጀመሪያ ደንግጣ፣ ኋላ ነገሩ ገብቷት እሷም አጎረሰችኝ። ሊኔያ ፎቶ ያነሳችን ይሄኔ ነው።

እንግዲህ ይህን ፎቶ ነው ሮግስቬድ ምሳ ላይ ሌሎቹን ፎቶዎች በስልኬ ሳሳይ እማማ አስካለ ያዩት።

እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰናይትን እንደ ልጃቸው ያረሷት እሳቸው ናቸው። በሃይማኖት ግን ቀልድ የለም። ሪንከቢ ሰፈር እየኖሩ፣ ደጃፋቸው ሥጋ ቤት ሞልቶ፣ የሙስሊም ነው ብለው በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ሌላ ሰፈር ሄደው የሚገዙ ሴት ናቸው።

«ይቺ ማናት የምታጎርስሽ?» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«ኢቶ ትባላለች። ቤቷ ያደርንባት ናት።»

«ምንድን ነው ያጎረሰችሽ?»

«ዶሮ።»

«ማን ባረከው?»

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ይሄኔ ነው አፍሽ ረክሷል ያሉኝ። የሰናይት ባል ዳዊት ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። ሰናይት ሕፃኗን እንደታቀፈች ፊቷ ነጣ። የሁለቱንም ዶሮ ታሪክ በስልክ ነግሬያት ስቀንበታል። ቶሎ ብላ፣ «ኧረ እማማ፣ ራሷ ናት እኮ ያረደችው! በስመ አብ ብላ!» አለች።

«እሷ? ሴቷ?»

«ወንድ ጠፍቶ ነዋ!»

እማማ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። «በስመ አብ! ዘንድሮ ሴትም አራጅ ሆነች? እሱን እንኳ ለቄሱ ነግረን ይቅር እንባላለን። ክርስቲያን በሌለበት አገር ምን ታድርግ!»

«ለክርስትናውም አራጅ ተገኘ!» አለ ዳዊት። ሁሉም ሳቀ። ሰናይት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ በዓይኗ፣ በቃ፣ አለቀ፣ ብይ ትለኛለች። እኔም ሳቅኩ።

ስልኬ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደበራ ነው። የኢቶ እጅ አፌ ላይ። እንደዚያ ስስቅ ቤቷ ገብቼ የበላሁትን የካድኳት መሰለኝ።

«እማማ፣ እኔ ያረድኩት ሌላ ነው» አልኩ። «ይሄ እሷ ያረደችው ነው። በልቻለሁ።»

ዳዊት «ኤጭ!» ብሎ ማንኪያውን ወረወረ። እማማ አልጮሁም። ዝግ ብለው፣ «ሰው ይሳሳታል፣ ልጄ» አሉ። «ቄደር ትጠመቂያለሽ፣ ያልቃል።» ቄደር ከእምነቱ ወጥቶ ለተመለሰ ሰው የሚጸለይ ጸሎት፣ የሚረጭ ጠበል ነው። «ተጸጽቻለሁ በይ ብቻ። እኔው እወስድሻለሁ።»

«አልተጸጸትኩም።»

«ምን አልሽ?»

«እሷ ከእኔ እጅ በልታለች እኮ፣ እማማ። እሷንስ ማን ይርጫት?»

«አንቺ ልጅ፣ አትከራከሪኝ!»

«ይሄ የምንበላው ዶሮስ? ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ነው ያረደው። እሱን ማን ባረከልዎት?»

«ማሽን ሃይማኖት የለውም!» አሉ እማማ።

ሰናይት ክንዴን ይዛ ኮሪደር አወጣችኝ። ሕፃኗ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች። «ለእኔ ስትይ» አለችኝ። «አንድ ቃል ናት። ብለሽ ግቢ፤ በሆድሽ የፈለግሽውን አስቢ።»

«ለአንቺ ብዬ የማላደርገው የለም። እቺን ግን አልልም።»

«ለማታውቂያት ሴት ብለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«እንግዲያው የዳዊት እህት ናት የምታነሳት» አለች። «ሰማሽ? ልጄ ሌላ ሰው ናት ክርስትና እናቷ።»

«ታንሳት።»

«ግትር!»

«ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ፤ እግሬ ገና እንዳበጠ ስለነበር ማሰሪያውን ተውኩት። ጃኬቴን አንስቼ በሩን ከፈትኩ። እማማ ከሳሎን ሆነው፣ «ዝጊው! ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት!» አሉ።

በቀስታ ዘጋሁትና ወደ ቱነልባናው ሄድኩ።