ሐሚዳና የጤና አዳሙ ትሎች

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኝ አንድ የአፓርታማ ግቢ ሐሚዳ አትክልት ስትንከባከብ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባሏ አብደላም እስኪሞት ድረስ የዚያው ግቢ ዘበኛ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ፉሪ ካለችው የኪራይ ክፍሏ በማለዳ ወጥታ ሲመሻሽ ትመለሳለች። ሥራው በዝቶባት አይደለም፤ ቤት ገብቶ መቀመጡ ስለሚከብዳት ነው።

አጥሩ ሥር የተከለችውን ጤና አዳም በየዓመቱ ትል ይበላዋል፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ሲነኩት ቀንድ መሰል ነገር አውጥቶ የሚከረፋ ትል። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ መኩሪያ መድኃኒት ይገዛሉ፤ እሷ መርጫውን አዝላ ትረጫለች። የረገፈውን ጠርጋ ትጥላለች።

አምና መስከረም ላይ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው መምህርት ቤተልሄም ስትረጭ አይታት ቆመች።

«እትዬ ሐሚዳ፣ እነዚህ ምን እንደሆኑ ያውቃሉ?»

«ትል ናቸዋ።»

«ሲያድጉ ቢራቢሮ ይሆናሉ። ያ ጥቁርና ቢጫው፣ ትልቁ። እንቁላሉን የሚጥለው ጤና አዳምና ሎሚ ላይ ነው፤ ሌላ ቅጠል ቢሰጧቸው አይበሉም።»

ሐሚዳ መርጫውን አወረደች። ያንን ቢራቢሮ ታውቀዋለች። አብደላ ታሞ በር ላይ ፀሐይ በሚሞቅበት ሰሞን በዓይኑ ይከተለው ነበር። አንድ ቀን ቢራቢሮው ሳይመጣ ሲቀር «ጓደኛዬ ቀረብኝ» ብሏት ነበር፤ እሷም ስቃ አለፈች።

«እኔ ነኛ የጨረስኳቸው!»

«ሁሉም ሰው ይረጫል እኮ» አለች ቤተልሄም።

ሐሚዳ ወደ ሰብሳቢው ሄደች። «ጋሼ፣ አጥሩ ሥር ያለው ሳይረጭ ይቅርልኝ።»

«ነዋሪው ትል አየን እያለ ይጮኽብኛል። ካልረጨሽ ሌላ ሰው አመጣለሁ» አሉ አቶ መኩሪያ።

መድኃኒቱ ያልደረሰባቸውን አሥራ አንድ ትሎች ለቅማ በካርቶን ወደ ፉሪ ወሰደች። ከገበያ ጤና አዳም ገዝታ፣ አጥባ ሰጠቻቸው። በማግስቱ ስትመለስ ስምንቱ ጠቁረው፣ ተኮማትረው ሞተዋል። የገበያውም ቅጠል ተረጭቶ ኖሯል። ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጣ እስክትደክም አለቀሰች፤ ለትል ይሁን ለባሏ እሷም አልለየችውም።

ጎረቤቷ ቡዜ ማንም ረጭቶት የማያውቅ ያረጀ የሎሚ ዛፍ አላት። ለቀሩት ሦስቱ ከእሱ እየቀነጠሰች ሰጠቻት። አንዱ ሞተ። ሁለቱ ራሳቸውን በክር ከእንጨት ጋር አሥረው እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኑ፤ ከእነሱም አንዱ እንደደረቀ ቀረ። የመጨረሻው ኅዳር መግቢያ ላይ ቢራቢሮ ሆኖ ወጣ። ክንፉ እስኪደርቅ ጠብቃ በሩን ከፈተችለት። ሲሄድ አንዴም አልዞረም።

በዚያው ሳምንት የግቢው ጤና አዳም በአቶ መኩሪያ ትእዛዝ ተነቅሎ ቦታው በሲሚንቶ ተደፈነ። ሐሚዳ ከተጣለው ቅርንጫፍ ለቅማ በባዶ የቀለም ቆርቆሮዎች ተከለች። አንዱን ለቡዜ ሰጠች፤ ሌላውን ለቤተልሄም በረንዳ። «ትሎቹ ይብሉት፤ ብቻ መድኃኒት እንዳታስነኪው» አለቻት።

ዘንድሮ መስከረም አልፎ ጥቅምት ገባ። የሐሚዳ ጤና አዳም ደጇ ላይ ለምልሟል፤ መንገደኛው ሁሉ ያደንቀዋል። እሷ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እየገለበጠች እንቁላል ትፈልጋለች። አንዲት ቅጠል እንኳ አልተበላችም።