510,511ን ማካፈል

ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ ታሞ ሲመጣ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ዓመት አልሞላንም ነበር። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ደግፈን አወጣነው። ከዚያ በኋላ አልወረደም። ማለቴ፣ በእግሩ አልወረደም።

የሚያጠናው ሂሳብ ነበር። አልጋው ላይ ሆኖ አንድ ቁጥር ሰጠኝ። ሁለትን፣ ሦስትን፣ አምስትን፣ ሰባትን፣ አስራ አንድን፣ አስራ ሦስትንና አስራ ሰባትን አባዝቶ አንድ ጨመረበት፤ 510,511 ሆነ። ከእነዚህ በየትኛውም ቢካፈል አንድ ይተርፋል።

«ብቸኛ ቁጥር ይመስለኛል» አለኝ። ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም ማለቱ ነው።

መድኃኒቱ ራሱን ስለሚያዞረው እርሳስ መያዝ አቅቶታል። እኔ ከአስራ ዘጠኝ ጀምሬ በተከታዮቹ ብቸኛ ቁጥሮች እያካፈልኩ ልነግረው ተስማማን። በሞባይል ማስላት ክልክል ነው።

ያን ሰሞን ቤታችን ጠያቂ አይጠፋም ነበር። ጎረቤት ብርቱካን ይዞ፣ የእናቴ ዘመዶች ከእንጦጦ ጸበል በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። በር ላይ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ አልጋው ጋ ሲደርሱ «እሰይ፣ ፊትህ ተመልሷል» ይሉታል። «ይመስገን» ይላል እሱም። ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም። እኛም ሐኪሙ ያለንን አልነገርነውም።

በተስማማን ማግስት ለአስራ ዘጠኝ አካፈልኩት። ምንም አልተረፈም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው፤ 26,869 እኩል ደረሰ። ገና የመጀመሪያው ሙከራዬ ነበር።

«እህ፣ አስራ ዘጠኝስ?»

«አያካፍለውም» አልኩት።

«ስንት ተረፈ?»

«ሰባት።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለካ በልቡ እያካፈለ ነው። ተኛ ብዬ ልነሳ ስል፣

«አንተም ጠያቂ ሆንክ?» አለኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ብርቱካኑስ የታለ? ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ውሃ ሰጠሁት።

«ብቸኛ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «ካልሆነም አልሆነም። ሌላው ሰው ፊትህ ወዝ አለው ይበለኝ። አንተም እንደነሱ ካልከኝ ማንን ልጠይቅ?»

ያካፈልኩበትን ደብተር አሳየሁት። ብዙ አየው። ከዚያ ደብተሩን ሳይመልስልኝ፣

«እሺ፣ ሐኪሙስ ምን አላችሁ?» አለኝ።

እናታችን ገበያ ሄዳ ነበር። ነገርኩት። አንድም አላስቀረሁም። እንዴት ብዬ እንደጀመርኩት አሁን አላስታውሰውም፤ እጄን ይዞኝ እንደነበር ብቻ።

«26,869ን ቀጥልበት» አለኝ በመጨረሻ። «ገና አላለቀም።»

አርባ ሦስት ላይ ስደርስ አረፈ። ከአርባ ቀን ተዝካሩ በኋላ ብቻዬን ቀጠልኩና ዘጠና ሰባት ላይ እኩል ተካፈለ፤ 277 ሆነ። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። ከዚያ ወዲያ የሚካፈል የለም።

እናቴ አንዳንዴ «ምንም ሳያውቅ መሄዱ ደግ ሆነለት» ትላለች። እንዲህ ስትል ትንሽ ትረጋጋለች። አላርማትም።