ከመዝጊያው እጀታ የተነሣው ቆብ

ሳክሶኒ በመስፍን በምትገዛበት ዘመን፣ ዋልፑርጋ ብር በሚጣራበት ሸለቆ ተወልዳ አደገች። በዚያ የማቅለጫውን ወናፍ የሚነፋው ሰው ሳይሆን ወንዙ ነው። ውኃው በአሸንዳ መጥቶ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ መንኮራኩሩም ወናፉን ይጫናል። ብርድ ሲጠና ግን በረዶ ይጋገርበትና ይቆማል። ያን ጊዜ በረዶውን ሊሰብር መጥረቢያ ይዞ መንኮራኩሩ ሆድ ውስጥ የሚገባ ሰው ያስፈልጋል።

የሚገባው ባሏ መርተን ነበር። ውኃውን የሚዘጋውና የሚለቀው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ፋልተን። የሚገባ ሰው የቆዳ ሽርጡን በውኃው መዝጊያ እጀታ ላይ ይሰቅላል፤ ሽርጥ ካለ እጀታውን የሚነካ የለም።

«ሽርጥህስ?» አለ ፋልተን በዚያ ጠዋት።

«ተቀዶ ልብስ ሰፊው ጋ ነው። ዛሬ በሱ ፈንታ ቆቤን እየው።»

«መላጣህን ብርድ እንዳይበላው፣ አማቼ።»

«እንዳንተ ቅማል ከሚበላኝ ይሻላል።»

መርተን ቆቡን ሰቅሎ ገባ። ፋልተንን የማቅለጫው አለቃ ወደ ምድጃው ጠራው። በመካከሉ ዋልፑርጋ ትኩስ የቢራ ሾርባ ይዛ መጣች። እጀታው ላይ ሽርጥ የለም፤ በረዶ የያዘው የባሏ ቆብ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ሰው አንድ ቀን ራሱንም ጥሎ ይሄዳል» አለችና ልታሞቅለት አንሥታ ወደ ማቅለጫው ቤት ገባች።

ፋልተን በሌላው በር ወጣ። አለቃው ብሩ የቀለጠበት እርሳስ ሊረጋ ነው ብሎ አጣድፎታል። እጀታው ባዶ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ «መርተን፣ ወጣህ?» አለ። ከታች በሌላ መንኮራኩር ማዕድን የሚወቅጡት ዘነዘናዎች ይጮኻሉ፤ መልስ አልሰማም። ውኃውን ለቀቀው።

ዋልፑርጋ ምድጃው ዳር ቆቡን እያገላበጠች ወናፉ ሲተነፍስ ሰማችና ፈገግ አለች። ባሏ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ወናፉ ግን ትንፋሹን ሳይጨርስ ቆመ።

ፋልተን ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። እጇ ላይ ያለውን አየ።

«ቆቡን ማን ሰጠሽ?»

«እኔ ነኝ ያነሣሁት። ምነው?»

ፋልተን ዞሮ ወደ መንኮራኩሩ ሮጠ። ያን ጊዜ ገባትና ቆቡን እንደያዘች ተከተለችው።

የመርተን ሬሳ ከወጣ በኋላ አለቃው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ ፋልተን፣ «ሳላይ ነው የለቀቅሁት» አለ።

«አይቷል» አለች ዋልፑርጋ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ምልክቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ደግሞ እንዳትዋሽልኝ፣ አንተ ልጅ።»

አለቃውና ሠራተኞቹ የባሏን ቆብ ልታሞቅ ያነሣችን ሴት ምን ብለው ይክሰሷት?

ከቀብሩ ማግስት የፋልተን እጅ እጀታውን አልጨብጥ አለ። ሁለቴ ሞክሮ ተወው። ዋልፑርጋ ገፋ አደረገችውና ወደ መንኮራኩሩ ወረደች። ውኃ የሚሞላበትን እያንዳንዱን የመንኮራኩሩን ቋት በእጇ ዳሰሰች፤ ክንዷ እስከ ብብቷ ጠለቀ። ብሩ ምድጃው ላይ ይጠብቃል፣ አለቃውም ይጠብቃል። ወጥታ ውኃውን ራሷ ለቀቀች። እስክታረጅ ድረስ የለቀቀችው እሷ ናት፤ ሁልጊዜ ዳስሳ፣ ሁልጊዜ ዘግይታ። አንድም ቀን ፍጠኚ ያላት የለም።