ግድግዳውን የሠራው ሰው

ሰሞኑን ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ሲቦካ ያ የኮመጠጠ እርጥብ ሽታ ቢመታኝ፣ ዕድሜዬ ሁሉ ተረስቶኝ እንጦጦ ማርያም መውጫ ላይ ከነበረው ቤታችን ደጃፍ የቆምኩ መሰለኝ።

አባቴ ጭቃ መራጊ ነበር፤ እጁ የነካው ግድግዳ ስንት ክረምት ቢወርድበት አይሰነጠቅም ይባልለታል። እኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ የብሎኬት ቤት ያላቸው ጓደኞች ስላፈራሁ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሲመጣ ባየሁት ቁጥር የጫማዬን ክር የማስር መስዬ አጎነብስ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ጀርመናዊ አርክቴክት ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ መጥተው፣ ስለ ኮንክሪትና ስለ መስታወት ሲያስተምሩ ከርመው፣ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻቸውን ዳገቱን እየወጡ የጭቃ ቤቶቻችንን ይለኩና ይስሉ ጀመር። አንድ ቅዳሜ የእኛን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና በእንግሊዝኛ፣ «ይህን የሠራው ማነው? መጥቶ ተማሪዎቼን ያስተምርልኝ» አሉኝ። አባቴ አጠገባችን ቆሟል። ሁለት የክፍሌ ልጆችም ለጥናት መጥተው ያዩናል።

«ማን እንደሠራው አይታወቅም» አልኳቸው።

«ምን አሉ፣ ልጄ?» አለኝ አባቴ።

«ቤቱ አርጅቷል ነው የሚሉት።»

አንገቱን ደፋ። ሰኞ ጠዋት፣ «ተመልሰው ቢመጡ እንዳናፍር» ብሎ ግድግዳውን በሙሉ እንደ አዲስ መረገው፤ ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው አልተመለሱም። አባቴም ብዙ ሳይቆይ፣ «የእኔ ሙያ ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ጭቃውን ተወና ጥበቃ ተቀጠረ።

እሳቸው አገራቸው ገብተው ፕሮፌሰር ሆኑ፤ ስለ ጭቃ ቤት አሠራር መጻሕፍት ጻፉ፣ ስማቸው ገነነ። አምና ሸምግለው ለንግግር ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ ኋላ ተቀመጥኩ። የቤታችንን ሥዕል አሳይተው፣ «አርባ ዓመት ያስተማርኩት ከዚህ ግድግዳ ተነሥቼ ነው፤ የሠራውን ሰው አለማግኘቴ ይቆጨኛል» አሉ።

ሲወጡ ጠብቄ፣ «የሠራው አባቴ ነው። ያን ቀን ከጎንዎ ቆሞ ነበር፤ አፍሬበት ደበቅኩዎት» አልኳቸው።

«እጁ ላይ ጭቃ አይቼ ነበር» አሉኝ፤ «ራሱን መጠየቅ ነበረብኝ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቤቱ መንገድ ሲሰፋ ፈርሷል፤ አባቴም የሚያስተምረው ነገር እንዳለው እንኳ ሳያውቅ ሞቷል።