ከብስክሌቱ የሚወርደው ሰው

ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ብርቅዬ ስሙን አታውቀውም። ጧት ጧት በብስክሌት ሲመጣ ግን ከሩቅ ትለየዋለች። ቁምጣው ከድሮ የእግር ኳስ ቡድኑ የቀረ ነው፤ ጉልበቱ ላይ መረብ ኳስ ሲጫወት ያተረፈው ጠባሳ አለ። ብስክሌት ከሁሉም ዘግይቶ፣ ጸጉሩ መሸበት ሲጀምር የያዘው ፍቅር ነው።

"ዕድሜዬን ሁሉ ኳስ ሳሳድድ ኖሬ፣ ለካ የተፈጠርኩት ለዚህ ነበር" ብሏታል አንድ ቀን፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ።

ዐምና የብስክሌት ቡድን መምረጫ ውድድር በዚሁ መንገድ ሲደረግ ከፊት የሚመራው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ዕድሜው ስለማይፈቅድለት ሌላ ዕድል አልነበረውም። ከዳገቱ አናት ያለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ግን፣ አባቱ ከበቅሎ ይወርዱ እንደነበረው፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ተሳለመ። ቀና ሲል ሁሉም አልፈውታል።

ሻይ ጠጪዎቹ ዛሬም አይተዉትም።

"አንተ ሰው፣ ባትወርድ እመቤቴ ትቀየምህ ኖሯል?"

"እግሬ ነው የወረደው፤ እኔን መች ጠየቀኝ!" ይላል እየሳቀ።

ብርቅዬ ግን ሳቁ የት እንደሚያልቅ ታውቃለች። ዳገቱን ወጥቶ ከበሩ ፊት ይወርዳል፤ ይሳለማል። ከዚያ ቶሎ ጉዞውን አይቀጥልም። ብስክሌቱን ደግፎ፣ ማንም የሌለበትን መንገድ ዞር ብሎ እያየ፣ የሚያልፉትን እንደሚያሳልፍ ሰው ዳር ይዞ ይቆማል።