በሳሙና ዱቄት ላይ የተጻፈ ስም

ዛሬ በቴክሳስ፣ አዲሰን ከተማ፣ በምኖርበት አፓርታማ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የፈሰሰ የዱቄት ሳሙና ሸተተኝና ዘይነብን አሰብኳት።

ባንኮች በተከታታይ በከሰሩበት ዓመት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ የምንኖረው እዚሁ ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ከተማ ነበር። ዘይነብ ከወሎ መጥታ በጎረቤታችን ቤት ያለ ደመወዝ የምታገለግል ወጣት ነበረች። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቆልፋባታለች፤ ስልክም ከልክላታለች። ከቤት የምትወጣው ልብስ ለማጠብ ብቻ ነበር። አብረውን የሚኖሩት አያቴ በሕንፃችን ማጠቢያ ክፍል አገኟትና ለወንድሟ ደብዳቤ ሊጽፉላት ፈለጉ።

«አይ እማማ፣ በእኔ ስም ‹ደስ ብሎኛል› እያለች የምትጽፍለት አሠሪዬ ናት። አሁን ፊደል ያስተምሩኝና ራሴ ልጻፍለት።»

አያቴ የሳሙናውን ዱቄት በማሽኑ ክዳን ላይ በተኑት። በልጅነታቸው በቁርኣን ቤት ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፉ፣ እያጠቡ እንደተማሩት፣ ፊደሉን በጣታቸው እየጻፉ፣ እየደመሰሱ አስተማሯት።

«ይህን ሁሉ አንሶላ ያሸ እጅ ለአንዲት ‹ዘ› ይንቀጠቀጣል?» ሲሏት አፏን ሸፍና ትስቃለች።

አንድ ቀን ስሟን ያለ እርዳታ ጻፈች። አያቴ ሊያጠፉት አልፈለጉም፤ ዘይነብ ግን ኮቴ ሰምታ በክንዷ ጠረገችው።

በሳምንቱ ልብሱን ይዛ የመጣችው አሠሪዋ ነበረች።

«ዘይነብስ?» አሉ አያቴ።

«ኦኬ ናት እማማ፤ አገሯ ገባች።»

«ፓስፖርቷን ሰጠሻት?»

ሴትየዋ ማሽኑን አስነሣች።

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ግን ከወሎ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ ዘይነብ የምትባል ሴት ከአሜሪካ ተመልሳ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

«የማን ልጅ?» ይሉኛል።

ትምህርቱ እስከ አባቷ ስም አልደረሰም ነበር።